ፕሎምፕና ጸበል

እኔ መኪና ከመግዛቴ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ሚዛን ተፈሪ ላይ ያላስተማርኩትን ጎረምሳ ፈልጎ ማግኘት ይቸግር ነበር። ይህ ነገር በኋላ መዘዝ እንደሚሆንብኝ ግን አላሰብኩም። የሚያውቅህ ሰው ሲበዛ፣ መኪናህ መንገድ ላይ ሲገተር የሚስቅብህም ይበዛል።

መኪናው ሚኒባስ ነበር። ስሙን ከማልጠራው አንድ የአዲስ አበባ መገጣጠሚያ ኩባንያ አዲሱን፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ሳይቀደድ ነው የገዛነው። "ገዛነው" ስል ለወጉ አይደለም። ከእኔ የወጣው ሐሳቡ ብቻ ነው፤ መግዣው የመጣው ከባለቤቴ ነው። አባቷ ከሰሜን መጥተው ሸኮ አካባቢ የተከሉት፣ ሲሞቱም ለእሷ ያወረሷት ቡና ነበራት። እኔ "ቡና አንድ ዓመት ይሰጣል፣ አንድ ዓመት ይነሳል፤ መኪና ግን በየቀኑ ነው" እያልኩ ሁለት ክረምት ሙሉ ጨቀጨቅኳት። መሬት ስለማይሸጥ ውሉ ላይ "የቡና ተክል" ተብሎ ተጻፈ። እሷ ግን ፈርማ ስትወጣ "የአባቴን መሬት ሸጥኩ" ነው ያለችው። ሊብሬው በሁለታችን ስም እንዲሆን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ በዚያም ራሴን እንደ ደግ ሰው ቆጥሬ ነበር።

መኪናው ሚዛን የገባ ዕለት የንስሐ አባታችን መጥተው ጎማውንም ወንበሩንም ጸበል ረጩልን። አዲስ መኪና ሳያስረጩ መንዳት በእኛ ሰፈር ሕፃን ክርስትና ሳያስነሱ እንደማሳደግ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ገብቶ ወጣበት። አንዷ ጎረቤታችን ኋላ ወንበር ላይ ተመቻችታ ተቀምጣ "ከዚህስ አልወርድም" ብላ አሳቀችን።

በሦስተኛው ሳምንት ሸኮ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ዳገቱ መሐል ላይ፣ ሞተሩ ቀጥ አለ። አላንገራገረም፣ አላጨሰም። ዝም ብሎ ጠፋ። ቁልፉን ባዞረው ባዞረው እንቢ አለኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ስሞክረው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣ። ተሳፋሪዎቹን "አዲስ ስለሆነ ነው፤ ገና አልለመደም" አልኳቸው። አመኑኝ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ያምናል።

በሳምንቱ ደገመው። ከዚያ በኋላማ ልማዱ ሆነ። ሜዳ ላይ ሸጋ ነው፤ ዳገት ላይ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ሲበርድ ይነሣል። በእኛ አገር ደግሞ ሜዳ የሚባል ነገር ካለ የኳስ ሜዳው ብቻ ነው።

ከተማችን ውስጥ አንድ የታወቀ መካኒክ ነበር። ቤተሰቦቹ ከጅማ አካባቢ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ እኩያዬ ነው። ሞተርን በጆሮው ነበር የሚያክመው። ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን ጣል አደረገ፤ ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

"ቲቸር፣ ይሄ ሲሞቅ የሚያንቀው ነገር አለ። መንገዱም ነዳጁም አይደለም። ሲወለድ ጀምሮ ያለበት በሽታ ነው።"

"ታዲያ ፍታዋ!"

"አልፈታም። ይቺን አየሃት?" አለና ሞተሩ ላይ በቀጭን ሽቦ የታሰረች ትንሽ ማኅተም አሳየኝ። "ፕሎምፕ ናት። እኔ ይቺን ስቆርጥ አንተን ከኩባንያው ቆረጥኩህ ማለት ነው። ማን ነካው ብለው ዋስትናህን ይሰርዙብሃል። ወኪላቸው ጅማ አለ፤ እዚያ ውሰደው።"

ጅማ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። መኪናው ወኪሉ ግቢ ሲደርስ ሐኪም ሲያይ እንደሚሻለው በሽተኛ ነበር። ኮምፒውተር ይሰኩበታል፤ ኮምፒውተሩ "ጤነኛ ነው" ይላል። አንዴ የነዳጅ ፓምፑን ቀየሩ፤ አንዴ ገመዶቹን ቀየሩ፤ በሦስተኛው "የገጠር ነዳጅ ነው ያበላሸው" ብለው አጣጥበው ሰጡኝ። እኔ እንግዲህ አስተማሪ ነኝ፤ በየጊዜው የዋስትና ደብተሩ ላይ የሠሩትን አስጽፌ ማኅተም አስመትቼ ነበር የምመለሰው። መኪናውም በየጊዜው ቦንጋ ሳይደርስ አንዴ ይቆምልኛል፤ ያንንም በእስክሪብቶ ከነቦታው እጽፋለሁ።

መናኸሪያው ውስጥ ስም ወጣለት፤ "ውረዱና ግፉ"። ተራዬ ደርሶ በሩን ስከፍት ሰው እንዳላየኝ ሆኖ ከኋላዬ ያለውን መኪና ይጠብቃል። ድሮ ያስተማርኳቸው፣ አሁን ሚስት ያገቡ፣ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ዳገት ላይ ሸሚዛቸውን ሰብስበው ሲገፉ አንዱ "ቲቸር፣ ያኔ በኩርኩም፣ ዛሬ በግፊያ! መቼ ነው የሚለቁን?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከእኔ የማይለዩት አንድ የሸኮ ገበሬ ብቻ ነበሩ፤ ሁልጊዜ አንድ ጆንያ ጎደሬ ይዘው ከፊት ለፊት ይቀመጣሉ። "እኔ ችኮላ የለኝም፤ ያንተ መኪና ደግሞ ዕረፍት ይወዳል፤ እንስማማለን" ይሉኛል።

ያኔ የተሰማኝን በአንድ ቃል ተናገር ብባል "ታሰርኩ" ነው የምለው። እዚሁ ላስፈታው ብል ፕሎምፑ አለ። ልሽጠው ብል ከሚዛን እስከ ማጂ፣ ከሸኮ እስከ ቴፒ ያለው ሰው ሁሉ ጠባዩን ያውቃል፤ ለማያውቅ ሰው ደብቆ መሸጥ ደግሞ ነፍስ ማስያዝ ነው። ላቁመው ብል የምንበላው ከእሱ ነው። ወደ ማስተማር ልመለስ ብል በቦታዬ ሌላ ሰው ገብቷል። ቡናውማ የሌላ ሰው ሆኗል፤ ወደ ቴፒ ስንሄድ በዚያ በኩል ስናልፍ ባለቤቴ ፊቷን ወደ ወዲያኛው መስኮት ታዞራለች። ዋስትና የሚሉት ነገር "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ሆነብኝ። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ከምስማሩ ላይ ሳነሳ እጄ ይከብደኝ ጀመር።

ነገሩ ከሳቅ ያለፈው አንድ ቀን ዝናብ ካባራ በኋላ ከቴፒ ስንመለስ ነው። ባለቤቴ ቤታችን በር ላይ ለከፈተቻት ትንሽ ሱቅ የገዛችውን ቆሮሪማና ዝንጅብል ጭና አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ከኋላ መኪናው ሙሉ ነው። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ፍሬን ስረግጥ ፍሬኑ እንደ ግንድ ደረቀ፤ መሪውም አልዞር አለ። መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ያዘ። በግራ በኩል ገደል ነው፣ ጫካ የሸፈነው፤ ሰዎች ድንግል ማርያምንም አላህንም በአንድ ድምፅ ይጠራሉ። በሁለት እግሬ ፍሬኑ ላይ ቆሜ፣ መሪውን በደረቴ ገፍቼ፣ የኋላውን ወደ ቀኝ ግድግዳው አፈር አስገባሁት። የተሰነጠቀው የኋላ መብራት ብቻ ነው። አንዲት እናት ወርደው ሣሩ ላይ ተቀመጡና የገዛ ጫማቸውን ማድረግ አቃታቸው።

ባለቤቴ ቤት ስንገባ "ይሄ መኪና ሰው ሳይበላ አይቆምም" አለች። "ዓይን ነው። የገባ ቀን ያ ሁሉ ሰው ገብቶበት።"

"ዓይን አይደለም፤ የፋብሪካ ጉድለት ነው" አልኳት።

"ጉድለቱን ማን አገኘው? አንተ አገኘኸው? ጅማ አገኙት?"



በማግሥቱ ማለዳ ጀሪካን ይዛ ከጸበሉ ቦታ ስትመለስ አየኋት። እኔ በመስኮት ነኝ፤ እሷ ግቢ ውስጥ ኮፈኑን ከፍታለች። በአንድ እጇ እየጠለቀች ሞተሩ ላይ ታፈስሳለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ከወረቀት ውስጥ እምነት አወጣች፤ ከጸበሉ ቦታ የሚሰጠውን ያንን አመድ መሰል አፈር። የገመዶቹ ሳጥን ክዳኑ ተነሥቶ ነበር፤ እዚያ ውስጥ በጣቷ ቀባችው፣ ለታመመ ልጅ ግንባሩን እንደሚቀቡት። ሰባት ቀን አደረገችው። ሰባቱንም ቀን በመስኮት አይቻታለሁ። ውኃ ለኤሌክትሪክ ጠላቱ መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ምን ብዬ ልከልክላት? የአባቷን ቡና ከእጇ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የቀራትን አንድ ተስፋ ደግሞ በሒሳብ አስተማሪነቴ ልንጠቃት? ወጣ ብዬ "እግዜር ይስማሽ" እንኳ አላልኳትም። እንዳላየሁ ሆኜ ቁርሴን በላሁ። መኪናው ግን አልባሰበትም፤ አልተሻለውምም።

ከዚያ በኋላ ነው የዋስትና ደብተሩን እንደ ፈተና ወረቀት ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ደቃቅ ፊደል ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ብልሽት በዋስትናው ጊዜ ሦስት ጊዜ ተጠግኖ ካልተስተካከለ ኩባንያው መኪናውን መልሶ እንደሚገዛ ተጽፏል። ሦስት ጊዜ! ሦስቱንም ከነማኅተሙ ይዣለሁ። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "እንግዲህ ያንን ቡና የገዛው ሰውዬ መልሶ ባይሸጥልሽ፣ ሌላ እንገዛለን" አልኳት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ወራት በኋላ ሳቀች።

ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ደወልኩ፤ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባልኩ። ደግሜ ደወልኩ፤ ኃላፊው ያው ስብሰባ ላይ ናቸው። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አንስታ "መኪናውን ይዘው ይምጡ፤ ሊብሬው ላይ ያሉት ሁለታችሁም መምጣት አለባችሁ" አለችኝ። ያንን መኪና አዲስ አበባ ይዞ መሄድ በዚያ መንገድ በሽተኛ ተሸክሞ እንደመሄድ ነበር። ሁለት ቀን ፈጀብን። የባለቤቴ አክስት ቤት አረፍን።

የኩባንያው ግቢ ውስጥ ቅሬታ ያለው ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የመኪናው ቀለም በር ላይ ትንሽ ስለደበዘዘ ሊያብድ ደርሷል። እናቷ የሞተችባትና እናቷ ገበያ የሄደችባት እኩል ያለቅሳሉ የሚባለው እውነት ነው። ሁለት ሳምንት እዚያ ወንበር ላይ ተመላለስን። ኃላፊው በመጀመሪያ "እናንተ አገር መንገዱ..." አሉ። ቀጥለው "ጭነት አብዝታችሁ..." አሉ። ደብተሬን ዘርግቼ አንድ በአንድ ከነቦታው ስቆጥርላቸው ግን መኪናውን እንድትመረምር አንዲት ወጣት መሐንዲስ መደቡልን።

ልጅቷ ቀጭን፣ ፈጣን፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያላት ናት። ግቢው ውስጥ ብትነዳው ብትነዳው አልቆመላትም። እኔ "እባክሽ እህቴ፣ ዳገት ላይ ውሰጅው" ብዬ ለመንኳት። እንጦጦን ይዘን ወጣን፤ እሷ ትነዳለች፣ እኔ አጠገቧ፣ ባለቤቴ ከኋላ። ግማሹን ስንወጣ አልቆመም። "ዛሬ ደግሞ ጨዋ ልትሆን ነው?" አልኩት በልቤ። ጥቂት ወጣን። ቀጥ አለ። እኔ በሕይወቴ በዚያ ቀን እንደተደሰትኩት የተደሰትኩባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው። ባለቤቴ ከኋላ እልል አለች። መሐንዲሷ ግራ ገብቷት ዞራ አየችን፤ ከዚያ ሳቀችና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። "ይሄማ ግልጽ ነው፤ ከሥሪቱ ነው" አለች። እስከ ባለቤቴ አክስት ቤት ድረስ ሸኮ ላይ ስለምንገዛው ቡና አወራን። ባለቤቴ የጥላ ዛፉን ዓይነት ሳይቀር መርጣ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ግቢው ስንሄድ ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ቀረች፤ እኔን መሐንዲሷ ለብቻዬ ወደ ቢሮዋ ጠራችኝ። ጠረጴዛው ላይ የገመዶቹ ሳጥን ክዳን ተቀምጧል። ውስጡ የውኃ ደለል አለው፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ግራጫ ነገር ደርቆ ተጣብቋል።

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጋሼ፣ ይሄ እምነት ነው አይደል?"

ጣቴን ወደ ክዳኑ ሰድጄ መለስኩት።

"እኔም ቤተ ክርስቲያን አውቃለሁ፤ አይፍሩ። መኪናውን ያበላሸው ይሄ አይደለም። ጉድለቱ መጀመሪያም ያለ ነው፤ ጅማ የሠሩት ሥራ ይመሰክራል። ግን አለቃዬ ይቺን ካገኙ ሌላውን ሁሉ ትተው በእሷ ነው የሚያመካኙት። እኔ አቧራ ብዬ እጽፈዋለሁ።" ከመሳቢያዋ ሁለት ወረቀት አወጣች። "ባለንብረቶቹ ሁለት ስለሆናችሁ ለየብቻ ነው የሚፈረመው። በእርስዎ በኩል ያረጋግጡልኝና ዛሬውኑ ወደ ላይ ይሄዳል።"

ወረቀቱ አጭር ነው። ወደ ሞተሩ ክፍል በእጄ ወይም በማውቀው ሰው እጅ ውኃም ሆነ ባዕድ ነገር እንዳልገባ አረጋግጣለሁ ይላል። አነበብኩት። ሰባት ቀን በመስኮት ያየሁትን አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ እኚያ ሣር ላይ የተቀመጡት እናት፣ የገደሉ አፍ፣ የመናኸሪያው ሳቅ፣ የባለቤቴ ፊት ወደ መስኮቱ ሲዞር፣ ሁሉም መጣብኝ። በደለኞቹ እነሱ ናቸው፤ እውነቱ ከእኔ ጋር ነው፤ ለእውነት ስል ትንሽ ብዋሽ ምን አለበት አልኩ። ብዙም አላመነታሁም፤ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ። ፈረምኩ። መሐንዲሷ ወረቀቱን ማኅደር ውስጥ ከታ "አሁን እትዬን ልጥራቸው" አለች።

ባለቤቴ ገባች። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እኔ ግድግዳውን አያለሁ። ቀድሜ ልነግራት ይገባ ነበር፤ በዓይኔ እንኳ ልጠቅሳት አልደፈርኩም። ኃላፊው በዚያው ሰዓት ፊርማ ሊወስዱ ይመስለኛል በሩን ከፍተው ገቡ።

"ይሄማ አይሆንም" አለች ባለቤቴ፣ ወረቀቱን ወደ ልጅቷ እየገፋች። "እኔ ሰባት ቀን ጸበል አፍስሼበታለሁ። እምነትም ቀብቼበታለሁ። በምን አንደበቴ ነው አላስገባሁም የምለው?"

መሐንዲሷ "እትዬ..." ብላ ጀመረችና ኃላፊውን ስታይ ተወችው።

"የት ላይ ነው ያፈሰሱት?" አሉ ኃላፊው፤ በጣም በትሕትና ነው የጠየቋት።

"እዚሁ ላይ ነዋ" ብላ ክዳኑን በጣቷ ነካችው። "ከጸበሉ በፊትም ይቆም ነበር፤ ከጸበሉ በኋላም ቆመ። እናንተ መኪናችሁን ሥሩ እንጂ ጸበሉን ለእኔ ተዉልኝ። ገደል ሊከተን ነበር። እሱን ጻፉ።"

ኃላፊው ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ልጅቷ ከማኅደሩ ውስጥ የእኔን ወረቀት ሳብ አደረገች፤ በጠረጴዛው ሥር ለአራት አጠፈችውና ጋውን ኪሷ ውስጥ ከተተችው። አላየችኝም። ባለቤቴም ይህን አላየችም።

የእምቢታው ደብዳቤ በማግሥቱ ተሰጠን። ባለንብረቷ በራሳቸው አንደበት እንዳረጋገጡት መኪናው ከአያያዝ ጉድለት የተበላሸ በመሆኑ ዋስትናው ተቋርጧል ነው የሚለው። ባለቤቴ አንብባው አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስታለቅስ አላየኋትም። ለአክስቷ ስትነግራት ግን መሐል ላይ ውኃ ጠጥታ ነው የጨረሰችው።

ጎጀብን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር መኪናው እንደ ልማዱ ቆመ። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጌ መጣሁ። ሁለታችንም መንገዱ ዳር ተቀመጥን።

"ተቆጥተሃል" አለችኝ።

"አልተቆጣሁም።"

"የሄደው የአባቴ መሬት ነው። እኔ ችዬው አንተን ምን ያስቆጣሃል?"

ተቆጥቼ ነበር፤ ያውም በጣም። ማንን እንደተቆጣሁ ግን አላውቀውም ነበር።

"ወረቀቱን ሳነበው መጀመሪያ ፈርቼ ነበር" አለች። "ያ ሁሉ ልፋትህ፣ ያ ሁሉ መመላለስህ። ግን አንተን አሰብኩ። ይህን ለእሱ ቢሰጡት ምን ያደርግ ነበር አልኩ። አንተ አትፈርምም። እሱን ሳስብ ነው አፌ የደፈረው።"

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ከእኔና ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም፤ ሞተሩም ገና አልበረደም፤ ጊዜ ነበረን። አፌን ከፈትኩ፤ "ፀሐዩ መታሽ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በይ" አልኳት። ጠጋ አለች።

ሚዛን እንደገባን መካኒኩ ጋ ወሰድኩት። ታሪኩን ሰምቶ "በቃ እንግዲህ" አለና ፕሎምፑን በፒንሳ ቆረጠው። ከሌላ መኪና የተፈታ ዕቃ ገጥሞልኝ፣ መኪናው እንዲሁ እያነከሰ ጥቂት ዓመት ሠራሁበት፤ በመጨረሻ ለዕቃው የሚፈልገው ሰው ወሰደው። ቡና አልገዛንም። የባለቤቴ ሱቅ ነው ያኖረን።

እሷ ታሪኩን እስከ ዛሬ ለእንግዳ ታወራዋለች፤ አምርራ ሳይሆን ኮርታ ነው። "ወረቀት አቀረቡልን፤ ካዱና መኪናችሁን እንውሰድላችሁ አሉን፤ ሁለታችንም እንቢ አልን" ትላለች። በቅርቡ ለንስሐ አባታችን ስትነግራቸው እኔ አጠገቧ ነበርኩ። አርጅተዋል፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ነው የሰሟት። ስትጨርስ መስቀላቸውን አውጥተው "በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ማን አለ?" እያሉ ግንባሬን አሳለሙኝ። ንስሐ መግባት እንዳለብኝ አውቃለሁ። አባም የነገርኳቸውን ለማንም አይናገሩም፤ እሱንም አውቃለሁ። ግን "ሂድና ለሚስትህ ንገራት" ይሉኛል ብዬ እስካሁን አልነገርኳቸውም።